የጋራ ፎልደራችንን የሚያነበው ማን ነው?
ሰነድ ሰብሳቢ ፕሮግራሞች ከየት ተነሥተው ወደ እኛ ኮምፒዩተር እንደደረሱ



“ያ የባዮሎጂ ኖት የት ገባ?” ይህን ጥያቄ በኮምፒዩተር ክፍላችን ቁጭ ብሎ ያልጠየቀ መምህር ያለ አይመስለንም። ኖቱ ተተይቧል፤ የጋራ ፎልደር ውስጥም ተቀምጧል። ነገር ግን ስንትና ስንት መምህር በዚያ ፎልደር ውስጥ የየራሱን ፎልደር ከፍቷል። አንዱ “ባዮ 9” ብሎታል፣ ሌላው “አዲስ”፣ ሦስተኛው ደግሞ “የመጨረሻ አዲስ”። ያዘጋጀው መምህር ወይ በሪሴትልመንት ሄዷል ወይ ካምፕ ቀይሯል፤ ፋይሉ ግን እዚሁ ቀርቷል። እኛ ስደተኞች ሰው እንደሚሄድ፣ ወረቀትም እንደሚጠፋ ከማንም በላይ እናውቃለን። ስለዚህ የቀረውን ፈልጎ ማግኘት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ችግር ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ “ክሮውለር” የሚባለውን ፕሮግራም ከጋራ ፎልደሩ ጋር ማገናኘት ነው። ክሮውለር ማለት ዳኺ እንደ ማለት ነው። ከፎልደር ወደ ፎልደር እየዳኸ ያገኘውን ሰነድ ሁሉ ከፍቶ ያነባል፤ ቃላቱንም በማውጫ ይመዘግባል። በዚህ ጽሑፍ “ሰብሳቢ ፕሮግራም” እንለዋለን። ማገናኘቱ ራሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከማገናኘታችን በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብን የሚያስተምረን ግን የነገሩ ታሪክ ነው። ጥያቄውም “በሩን ማን ከፈተለት? ያነበበውንስ ለማን ያሳያል?” የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማሽኑ በፊት

ሰነድን ከፍቶ አንብቦ፣ ምን የት እንዳለ መመዝገብ በኮምፒዩተር አልተጀመረም። ከራሳችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1973 በኢትዮጵያ የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት የመጡ ብራናዎች ፎቶ ተነሥተው አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። እየቆየም የተነሡት ብራናዎች ከ9000 በላይ ሆኑ።

ታዲያ 9000 ብራና በፊልም ቢኖር፣ የምንፈልገው ገድል ወይም ድርሳን የትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ ካላወቅን ምን ይጠቅመናል? ይህን ሥራ ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተያያዙት። እያንዳንዱን ብራና አንብበው፣ ስሙን፣ ይዘቱን፣ ዘመኑን፣ የባለቤቱን ቦታ መዘገቡ። እስከ 1993 ድረስ 5000 ብራናዎች በ10 ጥራዞች ተዘርዝረው ታተሙ። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1975 በጥይት ተመተው ከአገራቸው የወጡ ሰው እንደነበሩ ብዙዎቻችሁ ታውቁ ይሆናል። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በሰው አገር ነው የአገራቸውን መጻሕፍት ሲመዘግቡ የኖሩት።

ከዚህ ሥራ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማውጫ የሌለው ክምችት ከጠፋ ክምችት ብዙም አይለይም። ሁለተኛ፣ ብራናው ባለቤት አለው። ዕቃ ቤቱን ከፍቶ “አንሡት” የሚል ሰው ከሌለ መዝጋቢው የሚያነበው ነገር የለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች እንያዝና ወደ ማሽኑ እንሂድ።

የፋይል ስም ብቻ፦ አርቺ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔት በዋናነት የዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት መገናኛ ነበር። ዛሬ የምናውቃቸው ድረ ገጾች ገና አልነበሩም። አንዳንድ ተቋማት ግን ማንም ሰው የራሱ የይለፍ ቃል ሳይኖረው ገብቶ ፋይል እንዲወስድ ኮምፒዩተሮቻቸውን ክፍት ያደርጉ ነበር። ችግሩ የትኛው ፋይል የትኛው ኮምፒዩተር ላይ እንዳለ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ሰው ለሰው እየተጠያየቀ ነበር የሚያገኘው።

አለን ኤምቴጅ የባርቤዶስ ደሴት ተወላጅ ነው። በካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ይማርና ይሠራ በነበረበት ጊዜ ለተማሪዎችና ለሠራተኞች ነጻ ፕሮግራሞችን እየፈለገ ማቅረብ የእሱ ድርሻ ነበር። በየቀኑ አንድ በአንድ እየገቡ መፈለግ ሲሰለቸው፣ ክፍት ወደሆኑት ኮምፒዩተሮች ማታ ማታ ገብቶ የፋይሎቻቸውን ዝርዝር የሚያመጣ ፕሮግራም ጻፈ። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1990 ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ሥራ “አርቺ” ተባለ። “አርካይቭ” ከሚለው ቃል አንድ ፊደል ሲወጣ አርቺ ይሆናል። የኢንተርኔት የመጀመሪያው መፈለጊያ እየተባለ የሚጠቀሰው እሱ ነው።

አርቺ የሚያውቀው የፋይሉን ስም ብቻ እንጂ ውስጡን አልነበረም። ስሙ “አዲስ” ከሆነ “አዲስ” ከማለት ሌላ የሚነግረን የለውም። የሚገባውም ባለቤቱ “ግቡ” ብሎ ወደከፈተው ቤት ብቻ ነበር።

ከስም ወደ ይዘት

ድረ ገጾች ሲስፋፉ ሰብሳቢዎቹም ተለወጡ። በ1993 ማቲው ግሬይ የተባለ የኤም.አይ.ቲ. ተማሪ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየተሻገረ ድረ ገጾችን የሚቆጥር ፕሮግራም ሠራ። በ1994 ደግሞ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ብራያን ፒንከርተን “ዌብክሮውለር” የሚባለውን አወጣ። ይህኛው የገጹን ርእስ ብቻ ሳይሆን በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሙሉውን ያነብብ ነበር። ዛሬ አንድ ቃል ጽፈን በገጽ መካከል የተቀበረ ዐረፍተ ነገር ማግኘታችን ከዚያ የመጣ ልማድ ነው።

ይሁን እንጂ ያልተጠራ እንግዳ ሲበዛ ባለቤቱን ማስቸገሩ አይቀርም። ሰብሳቢዎቹ ቶሎ ቶሎ እየመጡ ደካማ ሰርቨሮችን ያጨናንቁ ጀመር። በዚያው በ1994 ማርታይን ኮስተር አንድ ሐሳብ አቀረበ። ባለቤቱ “ሮቦትስ” የሚል ስም ያለው ትንሽ ፋይል በራፉ ላይ ያስቀምጥ፤ “እዚህ ግቡ፣ እዚያ አትግቡ” ብሎ ይጻፍበት፤ የሚመጣውም ፕሮግራም መጀመሪያ እሱን አንብቦ ይታዘዝ አለ። ይህ ስምምነት ወደ 28 ዓመት ገደማ በልማድ ብቻ ሲሠራበት ቆይቶ በ2022 በጽሑፍ የወጣ የኢንተርኔት ደንብ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ይህ ፋይል ማስታወቂያ እንጂ ቁልፍ አይደለም። ጨዋ እንግዳ ያነበዋል፣ ባለጌ ይዘለዋል።

ብዙ ሰነድ ማንበብ ሌላ ጥያቄም ያመጣል፤ ከተገኘው ሁሉ የትኛው ይቅደም? እዚህ ላይ የሁለት ሰዎችን ስም ማንሣት ይገባል። ጀርመን፣ ኑረምበርግ የተወለደውና በ1947 ወደ አሜሪካ የሄደው ጄራርድ ሳልተን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኮምፒዩተር ሰነዶችን ከጥያቄ ጋር እንዲያመሳስል የሚያደርግ ሥርዓት ሲገነባ ኖረ። እንግሊዛዊቷ ኬረን ስፓርክ ጆንስ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ እንደኛው አስተማሪ ነበረች። በ1972 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ሁሉም ሰነድ ውስጥ ያለ ቃል ሰነድን ከሰነድ አይለይም፤ ጥቂት ሰነድ ውስጥ ያለ ቃል ግን ክብደት ሊሰጠው ይገባል አለች። በእኛ ፎልደር “ትምህርት” የሚለው ቃል የሌለበት ፋይል የለም። “ፎቶሲንተሲስ” ያለበት ግን ምናልባት ሦስት ነው። ሁለቱን ቃላት አብረን ብንፈልግ ማሽኑ ለሁለተኛው የበለጠ ክብደት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የጋራ ፎልደርስ ከየት መጣ?

እስካሁን ያየነው ለዓለም ክፍት ስለሆኑ ቦታዎች ነው። የቢሮና የትምህርት ቤት ፋይሎች ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። በ1983 ገደማ በአይ.ቢ.ኤም. የሚሠራው ባሪ ፋይገንባም አንድ ኮምፒዩተር የሌላውን ዲስክ እንደራሱ አድርጎ የሚያነብበትን የመግባቢያ ደንብ ነደፈ። መጀመሪያ በራሱ ስም መነሻ ፊደላት ቢ.ኤ.ኤፍ. ብሎት ነበር፤ ኋላ ኤስ.ኤም.ቢ. ብሎ ለወጠው። ማይክሮሶፍትም ወስዶ አዳበረው። በዊንዶውስ ፎልደር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገን ለሌሎች ስናካፍል በስተጀርባ የሚሠራው የዚያ ደንብ ልጅ ነው።

ሌላው ታሪክ ከአውስትራሊያ ነው። በካንቤራ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አንድሩ ትሪጅል በ1991 መጨረሻ ላይ የራሱን ኮምፒዩተር ከዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ጋር ለማገናኘት ፈለገ። ደንቡ የተጻፈበት ሰነድ አልነበረውም። ያደረገው ነገር በመስመሩ ላይ የሚተላለፈውን ማዳመጥ ነው። እሱ ራሱ ዘዴውን ሲያስረዳ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ካፌ ገብቶ ሌሎች ምን ሲሉ ምን እንደሚመጣላቸው እያየ እንደሚማረው ነው ይላል። ይህ ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የተጠጋንበትን አገር ቋንቋ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ያልተማርን ማን አለ? ከዚህ ሥራ የወጣው ነጻ ፕሮግራም ኋላ “ሳምባ” ተባለ። ስሙም የተገኘው በፍለጋ ነው። የመጀመሪያ ስሙ የሌላ ንብረት ሆኖ ስለተገኘ፣ ትሪጅል ኤስ፣ ኤም እና ቢ በቅደም ተከተል ያሉበትን ቃል ኮምፒዩተሩ ከመዝገበ ቃላት ዝርዝር እንዲፈልግለት አዘዘው። ሳምባ ከወጡት ቃላት አንዱ ነበር። ዛሬ ሊኑክስና ዊንዶውስ አንድ ፎልደር የሚጋሩት በአብዛኛው በዚህ ፕሮግራም ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ

ከዚህ በኋላ ሰብሳቢውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዶ ወደ ቢሮው ፎልደር ማስገባት የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነበር። በ1999 ዳግ ከቲንግ “ሉሲን” የተባለውን የማውጫ መሥሪያ ጻፈ፤ በነጻ ስለተሰጠ ብዙ የፍለጋ ፕሮግራሞች በእሱ ላይ ተገነቡ። በ2004 ጉግል የራስን ኮምፒዩተር የሚፈልግ ፕሮግራም አወጣ። በ2005 አፕል በኮምፒዩተሮቹ ውስጥ “ስፖትላይት” የተባለውን ጨመረ። እንደኛ ላለ አንድ ኮምፒዩተርና ጥቂት ሺህ ፋይሎች ዛሬ ክፍያ የማይጠይቁ በርካታ ፕሮግራሞች አሉ።

ሁሉም የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። መጀመሪያ የፎልደሩ አድራሻና የሚገባበት የተጠቃሚ ስም ይሰጠዋል። ከዚያ ፎልደሩን ከነልጆቹ ይዘረዝራል። እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ ከወርዱም ከፒ.ዲ.ኤፉም ጽሑፉን ብቻ ያወጣል። ቃላቱን በማውጫ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጉብኝቱ የተለወጠበትን ቀን አይቶ፣ አዲስ ወይም የተሻሻለ ፋይል ብቻ እንደገና ያነባል፤ የጠፋውን ከማውጫው ያወጣል። ስንፈልግ የሚመልስልን ከማውጫው እንጂ ፋይሎቹን በዚያች ደቂቃ እየከፈተ አይደለም። ፈጣን የሆነው ለዚህ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ማውጫው የጽሑፉ ሌላ ቅጂ መሆኑን አንርሳ።

ጽሑፉ አማርኛ ሲሆን

አንድ መምህር “ፕሮግራሙ የኔን ኖት አያገኘውም” ብሎ ቢያማርር እውነት ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመታትም ከዚያ በኋላ፣ አማርኛ የምንተይበው በየራሳቸው ፎንት በሚሠሩ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። በእነዚህ የተተየበ ሰነድ ለዓይናችን አማርኛ ነው። ለማሽኑ ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የተከፈተ የአማርኛ ደብዳቤ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ፋይል ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ ሰብሳቢው ያነበዋል፣ ግን አይረዳውም። በስካነር የገባ ወረቀትም እንደዚሁ ፎቶ ነው እንጂ ጽሑፍ አይደለም።

ፊደሉ ቢስተካከልም ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ “ፀሐይ” ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው “ጸሀይ”። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ሁለት። “ትምህርት”፣ “የትምህርት”፣ “በትምህርቱ” የሚሉትም ቀድሞ ካልተነገረው በስተቀር ሦስት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ተማሪዎች አንድ ጊዜ ፈልገው ሲያጡ “የለም” እንዳይሉ፣ በሌላ አጻጻፍም እንዲሞክሩ እንምከራቸው።

በሩ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ከዓመታት በፊት እናስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ፕሮግራም አገናኝተን ነበር። ያገናኘነውም እኛው ነን። ኮምፒዩተሩ ላይ የመምህራን ኖት አለ፤ የጽሕፈት ቤቱ ፎልደርም አለ። የጽሕፈት ቤቱ ፎልደር በማጋሪያው በኩል ተዘግቶ ስለነበር ደህና ነው ብለን አሰብን። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የፈተና ውጤቷን ለማግኘት የራሷን ስም ጻፈች። ውጤቱን አላገኘችም። ያገኘችው ለነጻ ትምህርት ዕድል የጻፈችውን ማመልከቻ ነው፤ ከየት እንደመጣች፣ አባቷ ለምን እንደታሰረ፣ ማን እንደቀረ ሁሉ ያለበት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና “ቲቸር፣ ይሄንን ሁሉም ሰው ያየዋል እንዴ?” አለችን። በዚያች ክፍል ውስጥ ካለችበት ሰፈር የመጡ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። ገመዱን ነቀልን። እሷ ግን እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ኮምፒዩተር ክፍል አልገባችም።

ስህተታችን የት ላይ ነበር? በዊንዶውስ አንድ የጋራ ፎልደር ሁለት መዝጊያ አለው። አንዱ የማጋሪያው ፈቃድ ሲሆን የሚሠራው ከሌላ ኮምፒዩተር በኔትወርክ ለሚመጣ ብቻ ነው። ሌላው በራሱ በፋይሉ ላይ ያለው ፈቃድ ነው፤ ይህ ግን ሁልጊዜ ይሠራል። በኔትወርክ ሲመጡ ከሁለቱ የጠበቀው ይጸናል። እኛ የዘጋነው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሰብሳቢው ደግሞ የተጫነው እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ በኔትወርኩ በር አልመጣም፤ በጓዳ ገብቶ ዲስኩን በቀጥታ አነበበ። ያውም በአስተዳዳሪው ስም ነበር የሚሠራው። ሌላም ተማርን፤ ማመልከቻውን ከፎልደሩ ብናጠፋውም ጽሑፉ በማውጫው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ማውጫው ጠፍቶ ከመጀመሪያው መሠራት ነበረበት።

እንዲህ የሆነው በእኛ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። በ2006 የጉግል የራስ ኮምፒዩተር መፈለጊያ ፕሮግራም፣ ተጠቃሚው ከፈቀደ የፋይሎቹን ጽሑፍ በኩባንያው ሰርቨር ላይ እስከ 30 ቀን እያስቀመጠ ከሌላ ኮምፒዩተር ለመፈለግ የሚያስችል አገልግሎት ጀመረ። በአሜሪካ ለዲጂታል መብት የሚሟገት አንድ ድርጅት ሰዎች ይህን እንዳይጠቀሙ ወዲያው አስጠነቀቀ። ፕሮግራሙም በ2011 ተቋረጠ። በሜይ 2017 ደግሞ “ዋናክራይ” የተባለው ቫይረስ በአሮጌው የኤስ.ኤም.ቢ. ደንብ ቀዳዳ እየገባ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የቀዳዳው መድፈኛ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልጫነ ብዙ ነበር እንጂ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይህ ነው።

ታዲያ አናገናኝ ወይ?

እናገናኝ እንጂ። ኖቱ ተደብቆ ሲኖር የሚጎዳው ተማሪው ነው። ነገር ግን ከታሪኩ የተማርነውን ይዘን እናገናኝ።

1. ለሰብሳቢው የራሱ የሆነ የተጠቃሚ ስም ይከፈትለት፤ ማንበብ ብቻ ይፈቀድለት። በአስተዳዳሪው ስም አይሥራ።

2. “ሁሉን አንብብ፣ ይህን ግን ተው” ከማለት “ይህን ብቻ አንብብ” ማለት ይሻላል። የሚነበበው ፎልደር በስሙ ተጠርቶ ይሰጠው። በድረ ገጽ ላይ የሚሠራው የ“ሮቦትስ” ማስታወቂያ እዚህ ቤት አይሠራም።

3. የተማሪ ስም፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ የማመልከቻና የፈተና ፋይሎች በተቻለ መጠን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጡ። ካልተቻለ በፋይሉ ፈቃድ ይዘጉ።

4. ከተገናኘ በኋላ ለተማሪ ከመከፈቱ በፊት ሁለት መምህራን ቁጭ ብለው የራሳቸውን ስምና የጥቂት ተማሪዎችን ስም እየጻፉ ይፈትሹ። መውጣት የሌለበት ነገር ከወጣ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ማውጫውንም አጥፍተው እንደገና ያሠሩት።

5. ዊንዶውሱ በየጊዜው ይታደስ፤ አሮጌው የኤስ.ኤም.ቢ. ደንብ ይዘጋ።

6. ፋይል ስናስቀምጥ በዩኒኮድ እንተይብ፤ ስሙንም የትምህርቱን ዓይነት፣ ክፍሉንና ምዕራፉን ብለን እንጻፍ። “የመጨረሻ አዲስ” የሚለው ስም ለማንም አይጠቅምም።

የብራናዎቹ መዝጋቢዎች አንድ መጽሐፍ ከመክፈታቸው በፊት ባለቤቱ ከፍቶላቸዋል። አርቺም የገባው ክፍት በር ባገኘበት ነው። የእኛ ሰብሳቢ ፕሮግራም ግን በር መሆኑንም ግድግዳ መሆኑንም አያውቅም፤ በሰጠነው ስም ሊከፍት የሚችለውን ሁሉ ይከፍታል። ስለዚህ ማሰቡ የእኛ ድርሻ ነው። ያቺ ተማሪ የጠየቀችንን ጥያቄ ከእሷ በፊት እኛ ልንጠይቀው ይገባ ነበር።

ለክፍል ውይይት፦ በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ካሉት ሰነዶች ሁሉም ሰው ሊያገኛቸው የሚገባቸው የትኞቹ ናቸው? ባለቤታቸው ብቻ ሊያያቸው የሚገባቸውስ? ተማሪዎች በቡድን ሆናችሁ ዘርዝሩና ምክንያታችሁን ጻፉ።